ሆት ቸኮሌት፦ ስኒው ውስጥ ምን አለ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

ከአምቦ፣ ከጉደርና ከጊንጪ ልጆቻቸውን አዲስ አበባ ልከው የሚያስተምሩ ወላጆች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። «ልጆቻችን ከተማ ውስጥ ሆት ቸኮሌት ይጠጣሉ፤ ለእረፍት ሲመጡም ዱቄቱን ይዘውልን ይመጣሉ። ሲዘጋጅ ይቦካል የሚሉ አሉ። ሐላል ነውን?» ይላሉ። ጥያቄው ትንሽ ቢመስልም በሁለት በኩል ያሳስታል፦ አንዱ ሳይጠይቅ ይጠጣል፣ ሌላው ሳያውቅ ሐራም ይላል። ሁለቱም ከዲናችን ሥርዓት ውጪ ናቸው።

በቅድሚያ ነገሩን እንወቀው። ቸኮሌት የሚሠራው ካካዎ ከሚባል ዛፍ ዘር ነው። ዛፉ ጥንተ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን ሙቀትና ብዙ ዝናብ ይፈልጋል፤ እንደ ምዕራብ ሸዋ ባለ ደጋና ወይና ደጋ አይሆንለትም። ዛሬ ከዓለም ምርት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከኮትዲቯርና ከጋና ይመጣል። ፍሬው ተሰብሮ ዘሩ ከነጣፋጭ ሥጋው ይከመርና ለተወሰኑ ቀናት ይቦካል። በዚያን ጊዜ የሥጋው ስኳር ወደ አልኮል፣ አልኮሉም ወደ ኮምጣጤ ይለወጣል። ከዚያም ዘሩ ይደርቃል፣ እንደ ቡና ይቆላል፣ ይፈጫል። በመጨረሻ የሚገኘው ነገር አያሰክርም። የጤፍ ሊጥም ይቦካል፤ እንጀራን ግን አስካሪ ያለ ሰው የለም። ኸምር በራሱ ጊዜ ወደ ኮምጣጤ ሲለወጥ ሐላል እንደሚሆንም ዑለማዎች አስተምረዋል።

በዚህ ረገድ የራሳችን የቡና ታሪክ ትልቅ ትምህርት ነው። የየመን ሱፊዮች ሌሊት ለዚክር ለመንቃት ይጠጡት የነበረው ቡና መካ ሲደርስ፣ የከተማዋ ሹም ኻኢር በግ እ.ኤ.አ. በ1511 ከለከለው። ያሰክራል ያሉም ነበሩ። ካይሮ የነበረው ሱልጣን ግን መጠጡ ፈጽሞ እንዲከለከል አላጸደቀም። ዛሬ የሙስሊም ቤት ያለ ቡና አይታሰብም። በምግብና በመጠጥ መሠረቱ መፈቀድ ነው፤ ሐራም የሚል ሰው ማስረጃ ማቅረብ አለበት።

እንግዲህ ካካዎው ራሱ ችግር ከሌለበት፣ ጥያቄው አብሮት ወደሚገባው ነገር ይዞራል። ሆት ቸኮሌት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ስቡ ተጨምቆ ከወጣለት የካካዎ ዱቄት ይሠራል፤ በዚህ የጨመቃ ዘዴ ሆላንዳዊው ቫን ሆውተን ስሙ ይነሳል፣ ዘመኑም 1828 ነው። ሁለተኛው በልዩ ቸኮሌት ቤቶች የሚቀርበው፣ ቸኮሌቱ ራሱ በትኩስ ወተት ቀልጦ የሚሠራው ነው። እኔም አዲስ አበባ ቀምሼዋለሁ፤ እንደ አጥሚት ወፈር ያለ፣ ምሬቱ ደህና ከተቆላ ቡና ጋር የሚቀራረብ ነው። በቸኮሌቱ ላይ «70 ከመቶ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ከክብደቱ 70 እጁ ከካካዎ ዘር የተገኘ ነው ማለት ነው፤ ቀሪው በአብዛኛው ስኳር ነው።

ከመጠጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ሩም ወይም ሌላ አልኮል ይጨመርበታልን? በአንዳንድ «ልዩ» ስኒዎች ይጨመራል፤ ይህ ግልጽ ሐራም ነው። ሁለተኛ፣ ከላይ ማርሽሜሎ የሚባለው የለሰለሰ ነጭ ከረሜላ አለበትን? በብዛት የሚሠራው በጀላቲን ነው፤ ጀላቲን ደግሞ ከአሳማም ከከብትም ቆዳና አጥንት ይወጣል። ባሕሪው ስለተለወጠ ነገር ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት ቢኖራቸውም፣ ምንጩ ካልታወቀ መተው ለዲን ይበልጥ ጥንቃቄ ነው። ያለ ማርሽሜሎ አምጡልኝ ማለት ይበቃል። ሦስተኛ፣ የታሸገ ዱቄት ከሆነ ጽሑፉን አንብቡ። ከአኩሪ አተር የሚገኘው ሌሲቲን ችግር የለበትም፤ «ኢ471» የተባለው ግን ከአትክልትም ከእንስሳም ስብ ሊሠራ ስለሚችል የሐላል ምልክት ያለበትን ምረጡ። መጠየቅ አያሳፍርም፤ አስተናጋጁንም ማስቀየም የለበትም። በመልካም አንደበት የተጠየቀ ሰው በመልካም ይመልሳል።

አላህ (ሱ.ወ.) ያዘዘን ሐላል ብቻ ሳይሆን ጠይብ የሆነውን ጭምር እንድንመገብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ምክር፣ አንድ ዐዋቂ በቀን የሚወስደው የተጨመረ ስኳር ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ወደ 25 ግራም እንዲወርድ መክሯል። ስኳር በሽታ ያለበት ወላጅ ካለ ለይታችሁ፣ ስኳር ሳታደርጉ ቅዱለት። በምዕራብ አፍሪካ የካካዎ እርሻዎች የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ መኖሩም የታወቀ ነው፤ ትልልቅ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ለማስቀረት ቃል ቢገቡም አላበቃም። ይህን ሰምተን ስናዝን፣ በየቤታችን የምታገለግለውን ልጅ ትምህርቷንና ደመወዟን እናስብ።

ቤት ውስጥ ማዘጋጀት ይቀላል፦ ንጹሕ የካካዎ ዱቄት፣ ወተትና ጥቂት ስኳር ይበቃል። ክርስቲያን ጎረቤታችሁ በጾም ወቅት ከመጣ ወተቱን ትታችሁ በውሃ አፍሉለት፤ የጎረቤት ሐቅ ነውና። ልጆቻችሁንም «አትጠጡ» ከማለት በፊት «ምን አለበት?» ብሎ መጠየቅን አስተምሯቸው። ይህን የለመደ ልጅ ነገ እኛ ስሙን እንኳ በማናውቀው ምግብ ፊት ሲቀርብ ራሱን ይጠብቃል።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።