የዓመት ማኑይ ወይስ የአንድ ቀን ትኬት? ከመፈረማችን በፊት እንቁጠር

 

ትልቁ የትምህርት ቤት ዕረፍት፣ ሖፌሽ ሃጋዶል፣ ሲቃረብ ልጆቻችን እረፍት አይሰጡንም። የክፍል ጓደኛቸው በሪሾን ለጺዮን ያለው ሱፐርላንድ ሄዶ መጫወቱን፣ ሌላው በራማት ጋን ሳፋሪ አንበሳና ዝሆን ማየቱን ሰምተው ይመጣሉ። «እኛስ መቼ ነው የምንሄደው?» ይላሉ። ወላጅም ልጁ ከጓደኞቹ እንዳያንስበት ይፈልጋል። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ወደ ትኬቱ ስንመጣ ምርጫው ብዙ ነው። አንዱ የአንድ ቀን መግቢያ ነው። ሁለተኛው ካርቲሲያ የሚባለው፣ አንድ ጊዜ ተከፍሎበት ለብዙ ቀን የሚያገለግለው ነው። ሦስተኛው ማኑይ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ያስገባል። በዛሬው ዝግጅታችን ከነዚህ ውስጥ ለየትኛው ቤተሰብ የትኛው እንደሚሻል እንነጋገራለን።

በሥራዬ ያገኘሁትን አንድ ነገር ላጫውታችሁ። አንድ የአምስት ልጆች አባት የአንድ መዝናኛ ቦታ ማኑይ በ12 ወር ክፍያ ገዛ። የቦታውን ስም ማንሳት አያስፈልግም። በዓመቱ ውስጥ ቤተሰቡ የሄደው 2 ጊዜ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን አያትየውም አብረው ሄደው ነበር፤ በሩ ላይ ግን «እርስዎ በማኑዩ ውስጥ የሉም» ተባሉ። የቤተሰብ ማኑይ ማለት ለሻጩ አባት፣ እናትና ልጆች ነው፤ እኛ ግን ቤተሰብ ስንል አያትን ትተን አይደለም። በኋላ የመብራት ክፍያ ሲያጥር ያ አባት ወደ እኛ መጣ። ገንዘቡን ያባከነው በስስት ሳይሆን ለልጆቹ ባለው ፍቅር ነው። ችግሩ ከመፈረሙ በፊት የሚቆጥርለት ሰው አለማግኘቱ ነበር።

እንግዲህ አብረን እንቁጠር። የምጠራው ዋጋ ለምሳሌ ያህል ነው፤ እውነተኛውን ዋጋ ከቦታው ጠይቁ። መግቢያ የሚከፍሉ 6 ሰዎች አሉ እንበል። የአንዱ መግቢያ 70 ሸቀል ቢሆን ለአንድ ቀን 420 ሸቀል ይሆናል። የቤተሰቡ ማኑይ ደግሞ 1,260 ሸቀል ነው እንበል። 1,260ን ለ420 ስናካፍል 3 ይሆናል። ስለዚህ 3 ጊዜ የሚሄድ ቤተሰብ አይጠቀምም፣ አይጎዳም። ጥቅሙ የሚጀምረው ከ4ኛው ጊዜ ነው። 2 ጊዜ ብቻ የሚሄድ ግን 420 ሸቀል በከንቱ ከፍሏል።

ሒሳቡ በዚህ አያበቃም። ማኑይ በሩን ይከፍታል እንጂ የአውቶቡሱን፣ የውኃውንና የአይስክሬሙን አይከፍልም። ለዚህ በየጊዜው 150 ሸቀል ቢወጣ ለ4 ጊዜ 600 ሸቀል ነው፤ ከማኑዩ ጋር ሲደመር 1,860 ሸቀል ይሆናል። አንድ ቀን ብቻ ሄዶ በደስታ የተመለሰ ቤተሰብ ያወጣው 570 ሸቀል ነው። ሻጩ «በጉብኝት ሲካፈል ይረክሳል» ሲል እውነቱን ነው። ከኪሳችሁ የሚወጣው ጠቅላላ ገንዘብ ግን ይበዛል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው እንዳይሆንብን።

ቀጥሎ ደግሞ የምትሄዱበትን ቀን ቁጠሩ። በዚህ አገር ብዙ ሰው የሚዝናናው በሰንበት ነው። ሰንበትን የምናከብር ቤተሰቦች ግን የዓመቱ ሰንበቶች በሙሉ ከቁጥር ይወጡብናል። ዓርብም፣ በተለይ በክረምት፣ ቀኑ አጭር ነው፤ አውቶቡሱም ቀድሞ ይቆማል። የሚቀረን የፋሲካና የዳስ በዓል መካከለኛ ቀናት፣ ሐኑካና የበጋው ዕረፍት ነው። በነዚህ ቀናት ልጁ ዕረፍት ላይ ቢሆንም ወላጅ ሥራ ላይ ነው። በሳምንት 5 ቀን የሚሠራ ሰው በአንድ ሥራ ቦታ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት በሕግ የሚገባው የዓመት ፈቃድ ቢያንስ 12 የሥራ ቀን ነው። ከዚህ ላይ ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ኢየሩሳሌም ወጥቶ ስግድን ለማክበር የሚሄደውን ቀንሱ። የቀረውን በወረቀት ላይ ጻፉት። 4 ቀን ካልሞላ ማኑዩን ተዉት።

ማኑይ የሚጠቅመው ቤተሰብም አለ። ቦታው ቅርብ ከሆነ፣ ትንንሽ ልጆች ካሉና ከወላጅ አንዱ ከሰዓት በኋላ ቤት የሚውል ከሆነ ጥሩ ነው። ማትሞን የሚባለው የተፈጥሮና የፓርኮች ባለሥልጣን ማኑይ ደግሞ ብዙ ቦታ ያስገባል፤ ከነዚህ ውስጥ አሽቀሎን፣ ቄሳርያ፣ ዔን ጌዲና ማሳዳ ይገኛሉ። ቦታው ስለሚለዋወጥ ልጆች ቶሎ አይሰለቹም። ነገር ግን ብዙዎቹ ሩቅ ናቸው፤ መኪና ለሌለው ይከብዳል። ካርቲሲያ ደግሞ ለመዋኛ ይስማማል፤ 10 መግቢያ ያለውን ገዝቶ በየጊዜው ማስቆረጥ ነው። እንዲህ ስትገዙ አንዱ ካርድ ለብዙ ሰው ይሠራ እንደሆነና የሚያበቃበትን ቀን ጠይቁ።

ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር በዕብራይስጥ ጠይቁ።

1ኛ፦ «ሚ ኔሕሻቭ ሚሽፓሓ?» ማለት በቤተሰብ ውስጥ የሚቆጠረው ማን ነው? አያት፣ ወታደር የሆነው ልጅ፣ አብሯችሁ የሚኖረው የእህት ልጅ ይገባሉ?

2ኛ፦ «ዓድ ማታይ ዜ በቶኬፍ?» እስከ መቼ ያገለግላል? በበዓላትና በኦገስትስ ይሠራል ወይስ ተጨማሪ ያስከፍላል?

3ኛ፦ «ዜ ሚትሐዴሽ ለቫድ?» ዓመቱ ሲያልቅ በራሱ ይታደሳል? በራሱ ከታደሰ ገንዘቡ ሳታውቁት ከባንክ መውጣቱን ይቀጥላል።

ለአያቶችም አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ1989 ዓ.ም. እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በወጣው ሕግ የአዛውንት መታወቂያ ያለው ሰው በብሔራዊ ፓርኮች የመግቢያ ዋጋ ቅናሽ አለው። ስለዚህ መታወቂያውን ሳትይዙ አትሂዱ።

በስልክ ተነግሯችሁ እሺ ብላችሁ ከተጸጸታችሁስ? በ1981 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ከሩቅ የተገዛ ነገር በአብዛኛው በ14 ቀን ውስጥ እንዲሰረዝ ይፈቅዳል። የአዲስ ገቢነት ምስክር ወረቀት ካገኘ 5 ዓመት ያልሞላው ሰው ደግሞ፣ ግዢው ከሻጩ ጋር በንግግር የተደረገ ከሆነ፣ 4 ወር ጊዜ አለው። እዚህ አገር አዲስ ገቢ መሆን ይህን መብት ይሰጣል፤ አትፈሩ፣ ተጠቀሙበት። የመሰረዣው ክፍያ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሸቀል፣ ከሁለቱ ካነሰው አይበልጥም። ስለ መዝናኛ አገልግሎት ተጨማሪ ገደብ ስላለ ግን ሳትዘገዩ፣ መጠቀም ከመጀመራችሁ በፊት፣ በጽሑፍ ሰርዙ። የጻፋችሁትንም ቅጂ ያዙ።

በመጨረሻ፣ የመጀመሪያውን ጊዜ በአንድ ቀን ትኬት ሞክሩት። የሥራ ቦታችሁን የሠራተኞች ኮሚቴ፣ ቫዓድ ኦቭዲምን፣ የቅናሽ ትኬት እንዳለው ጠይቁ። ምንም ገንዘብ ለሌለበት ወርም የቤን ሸሜን ጫካ አለ፤ መግቢያው ነፃ ነው። ዳቦውንና ቡናውን ይዞ፣ አያትንም ይዞ መሄድ ይቻላል። እዚያ በር ላይ ቆሞ ማን ቤተሰብ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።