ተጣጣፊ የመሮጫ ማሽን በአርዲቦ ዳርቻ፤ ከዋጋው በፊት ፊዚክሱ

በደቡብ ወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከሎጎ ሐይቅ ከፍ ብሎ አርዲቦ ሐይቅ ይገኛል። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ዳርቻ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ እንበል። ሐኪም በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እንዲራመዱ አዟቸዋል፤ ጉልበታቸው ግን የአካባቢውን ዳገትና ቁልቁለት፣ በክረምት ደግሞ ጭቃውን አልቻለም። አሜሪካ ያለው ልጃቸው ተጣጣፊ የመሮጫ ማሽን (ትሬድሚል) ሊልክላቸው አስቦ፣ ዩኒቨርሲቲ ለምትማር እህቱ «የትኛውን ልግዛ?» ሲል ይጽፍላታል። ውድ አንባብያን፣ ለዚህች እህት የምንመልሰው መልስ ከአንደኛ ዓመት ፊዚክስ አይዘልም።

ልጁ አስቀድሞ የሚያየው በካርቶኑ ላይ በጉልህ የተጻፈውን የፈረስ ጉልበት ነው፤ «4 የፈረስ ጉልበት» ይላል እንበል። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ስለሆነ ይህ ወደ 3,000 ዋት ይጠጋል። በአሜሪካ የተለመደው የቤት ሶኬት 120 ቮልትና ቢበዛ 15 አምፒር ነው፤ ሁለቱ ሲባዙ 1,800 ዋት ይሆናሉ። ታዲያ ማሽኑ ከግድግዳው ያላገኘውን ኃይል ከየት ያመጣዋል? ቁጥሩ ሞተሩ ለቅጽበት ሊደርስበት የሚችለውን ጣሪያ እንጂ ያለማቋረጥ የሚሰጠውን አይናገርም። ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ሁለተኛው ነው።

ለመሆኑ ሞተሩ ስንት ዋት ያስፈልገዋል? ዋናው ተግባሩ፣ በተራማጁ ክብደት ተጭኖ ከጣውላው ጋር የሚፋተገውን ቺንጋ መጎተት ነው። እናትየው 60 ኪሎ ግራም ቢሆኑ ክብደታቸው 588 ኒውተን ነው። የሰበቃውን ኮኤፊሸንት ለግምት 0.2 ብንወስድ፣ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር (በሰከንድ 1.1 ሜትር) ለመራመድ 130 ዋት ያህል ይበቃል። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ወጣት በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ቢሮጥበት 380 ዋት ይሆናል፤ ይህም ግማሽ የፈረስ ጉልበት መሆኑ ነው። እርግጥ ሯጭ እግሩ ባረፈ ቁጥር ከክብደቱ ሁለት እጥፍ የሚበልጥ ጫና ያሳርፋል፤ ነገር ግን ያን ቅጽበት ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ዲስክ ያሻግረዋል። በሌላ በኩል ጣውላው ቢደርቅና የበጋው አቧራ ቢገባበት፣ ሰበቃው እጥፍ ሲሆን የሚፈለገውም ዋት እጥፍ ይሆናል። ማሽኑ ሲገዛ አብሮ የሚመጣው የሲሊኮን ዘይት ለጌጥ አልተሰጠም።

እዚህ ላይ ከፍታው ይገባል። የኤሌክትሪክ ሞተሮች አቅም በተለምዶ የሚለካው እስከ 1,000 ሜትር ለሚደርስ ከፍታ ታስቦ ነው። አርዲቦ ከዚያ እጥፍ በላይ ከፍ ይላል፤ የአየሩም እፍግታ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአምስተኛ ገደማ ያንሳል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው አየር ስለሚሳሳ ያው ሥራ ይበልጥ ያግለዋል። ስለዚህ ስሌቱ ካወጣው በላይ መጠባበቂያ ያለው ሞተር መምረጥ ይገባል፤ ለእናትየው ያለማቋረጥ አንድ የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ከበቂ በላይ ነው።

ይኸው ሳሳ ያለ አየር ሌላ የተለመደ ምክር እንድንመረምር ያደርገናል። «ማሽኑ ላይ ነፋስ ስለሌለ ቺንጋውን 1 በመቶ አዘንብሉት» ይባላል። ምክሩ የመጣው በ1996 እ.ኤ.አ. ጆንስ እና ዱስት የተባሉ ተመራማሪዎች በፈጣን ሯጮች ላይ ካደረጉት ጥናት ነው። በሰከንድ 5 ሜትር ለሚሮጥ ባለ 70 ኪሎ ሰው በባሕር ጠለል ላይ የአየሩ ተቃውሞ በግምት 34 ዋት ይወስዳል፤ 1 በመቶ ዘንበል ማለትም እንዲሁ 34 ዋት ነው። የአየሩ ድርሻ ግን ከፍጥነት ሦስተኛ ርቢ ጋር ስለሚሄድ፣ በእናትየው እርምጃ ከአንድ ዋት በታች ይወርዳል። ለእርሳቸው ምክሩ ትርጉም የለውም። ነፋስ አለመኖሩ የሚጎዳቸው በሌላ መንገድ ነው፤ በአርዲቦ ዳር ላብን የሚያደርቀው ነፋሻ አየር ቤት ውስጥ ስለማይገኝ መስኮት መክፈት ያሻል።

ስለ ቺንጋው ርዝመት ብዙ ሰው «ሯጭ ረጅም ይፈልጋል፣ ተራማጅ አጭር ይበቃዋል» ይላል። እኛም ሳናሰላው እንዲሁ እናምን ነበር። እግር መሬት ላይ የሚቆይበትን ጊዜ በፍጥነቱ ብናባዛ ግን በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው 0.25 ሰከንድ ያህል ይቆያል፤ ቺንጋውም እግሩን 0.7 ሜትር ወደኋላ ይወስደዋል። በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር የሚራመደው 0.7 ሰከንድ ገደማ ስለሚቆይ 0.8 ሜትር ይሆናል። የእግር ርዝመትና ወደፊትም ወደኋላም የመወላወያ ቦታ ሲጨመር ለእናትየው ከ1.2 ሜትር ያነሰ ቺንጋ አይመከርም። «ለመራመጃ ብቻ» ተብለው የሚሸጡት አጫጭር ማሽኖች እርምጃን የሚያሳጥሩት ለዚህ ነው።

ማጠፊያው የክብደት ጉዳይ ነው። 40 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጣውላ በአንድ ጫፉ ማጠፊያ ላይ ቢያርፍ፣ ሌላውን ጫፍ ለማንሳት የክብደቱን ግማሽ፣ ማለትም 20 ኪሎ የማንሳት ያህል ጉልበት ይጠይቃል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት በየቀኑ ይህን ማድረግ የለባቸውም። በጋዝ የሚሠራ አጋዥ ዘንግ ያለው፣ ተጣጥፎ ሲቆምም የሚቆለፍ መሆን አለበት፤ ቁልፉ ቤት ውስጥ ላሉ ሕፃናት ሲባል ነው።

መብራት ድንገት ሲጠፋስ? ተራማጁ ከክፍሉ አንጻር ስለቆመ በግስጋሴው የሚወረወር ሊመስለን አይገባም። እግሩ ግን ለሚሸሽ ወለል ተዘጋጅቶ የቆመ ወለል ያገኛል፤ መግፋቱንም ስለሚቀጥል ሰውነቱን ወደፊት ያደፋዋል። የሌለ ደረጃ የረገጠ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። በሁለቱም ጎን ረጅም መደገፊያ የሌለው ማሽን ርካሽ ቢሆንም ለእናትየው አይሆንም።

የቀረው ቮልቴጁ ነው። የአሜሪካው ማሽን ለ120 ቮልት የተሠራ ስለሆነ የእኛ 220 ቮልት ሶኬት ላይ ቢሰካ መቆጣጠሪያ ሰሌዳውን ያቃጥላል። ትራንስፎርመር ቢገዛለት እንኳ እስከ 2,000 ዋት የሚችል መሆን ስላለበት ከባድም ውድም ነው። ስለዚህ ልጁ ገንዘቡን ልኮ፣ እህቱ ለ220 ቮልት የተሠራውን ደሴ ወይም አዲስ አበባ ብትፈልግ ይሻላል። ከመሄዷ በፊት ክፍሉን በሜትር ትለካ። የታጠፈውን ማሽን ስፋት ብቻ ሳይሆን የተዘረጋውን ርዝመትና ከኋላው ሁለት ሜትር ያህል ባዶ ቦታም ትጨምር፤ ምክንያቱም የወደቀን ሰው ቺንጋው ወደኋላ ነው የሚገፋው፣ ከግድግዳው ጋር ያጣበቀው እንደሆነ መውጫ የለውም።