ኮርማ በዓይን፣ ኮርማ በቁጥር

አገር ቤት ሳላችሁ ኮርማ ስትመርጡ ምን ታዩ ነበር? ቁመናውን፣ ደረቱን፣ ሻኛውን። ከዚያ ደግሞ «እናቱ የማን ላም ናት?» ብላችሁ ትጠይቁ ነበር። ጥያቄው ትክክል ነበር። እዚሁ ረሆቮት በሚገኘው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፋኩልቲ የእንስሳት ሳይንስ የሚማሩ ወጣቶችም የሚጀምሩት ከዚሁ ነው። ልዩነቱ መልሱን በሚዛንና በመዝገብ መፈለጋቸው ነው።

ለምን ቢባል፣ ዓይን ይታለላል። አንድ ወይፈን ደልቦ የሚታየው በዘሩ ሊሆን ይችላል፤ የእናቱ ወተት ስለበዛ ወይም ዓመቱ ሣር ስለነበረውም ሊሆን ይችላል። ሣሩን ግን ለልጆቹ አያወርስም። ስለዚህ የሥጋ ከብት አርቢዎች ጥጃው ሲወለድ፣ ጡት ሲጥልና ዓመት ሲሞላው ይመዝኑታል። የሚያወዳድሩትም በአንድ ወቅት ተወልደው በአንድ መስክ ከዋሉ ጥጆች ጋር ብቻ ነው። የአባቱ፣ የወንድሞቹና የልጆቹ ክብደትም ተጨምሮ ይሰላና አንድ ቁጥር ይወጣል።

ይህ ቁጥር የኮርማው የራሱ ክብደት አይደለም፤ በልጆቹ ላይ የሚጠበቀው ልዩነት ነው። የአንዱ ኮርማ ቁጥር 20 ኪሎ፣ የሌላው 5 ኪሎ ነው እንበል። ሁለቱም ተመሳሳይ ላሞችን ቢያጠቁ፣ የመጀመሪያው ጥጆች በአማካይ 15 ኪሎ ይበልጣሉ ማለት ነው። በአማካይ ነው እንግዲህ፤ ከጥሩ ኮርማም ቀጫጫ ጥጃ ይወለዳል። ደግሞም ብዙ ልጆች የተመዘኑለት ኮርማ ቁጥሩ ይታመናል፤ የወይፈን ቁጥር ግን ገና ግምት ነው።

ግምቱን ለማጠንከር አሁን የዘረመል ምርመራ አለ። የከብት ሙሉ ዘረመል ንባብ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ከአንዲት የሄርፎርድ ላም ነው። ዛሬ ከጥጃ ጭራ ጥቂት ፀጉር ተነቅሎ 50 ሺህ ያህል የዘረመል ነጥቦች ይታያሉ፤ ከተመዘኑት ከብቶች መዝገብ ጋርም ይነጻጸራሉ። መዝገብ ከሌለ ፀጉሩ ብቻውን ምንም አይናገርም።

ትልቅ ቁጥር ሁሉ ደግሞ ጥሩ አይደለም። ሲወለድ የሚከብድ ጥጃ ምጥ ያስጨንቃል፣ በተለይ ጊደርን፤ ላሟም ጥጃውም ሊሞቱ ይችላሉ። ስለዚህ ብልህ አርቢ ሲወለዱ ቀለል ብለው ኋላ የሚፋፉ ጥጆች የሚሰጥ ኮርማ ይመርጣል። የመውለድ ችሎታ ደግሞ በዘር የሚተላለፈው በጥቂቱ ስለሆነ ምርጫ ቶሎ አያሻሽለውም፤ እዚያ ላይ መኖና እንክብካቤ ይበልጣል።

ወደ አገራችን ስንመለስ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። ጥሩ ጥሩው ወይፈን ብዙ ጊዜ ለእርሻ ይኮላሽ ወይም ሰንጋ ሆኖ ይሸጥ ነበር። ላሞቹን የሚያጠቃው የቀረው ነው። ማንም ሳያስበው ምርጫው ተገልብጦ ነበር ማለት ነው።

የጣና ዳሩን የፎገራ ከብት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ረግረጉንና ዝንቡን ችሎ የሚኖር ነው። ከባዕድ ዘር ጋር መዳቀሉ ወተት ቢጨምርም ንጹሑን ዘር እያሳነሰው ነው። በባሕር ዳር አጠገብ የሚገኘው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ንጹሑን የፎገራ መንጋ ይዞ ያረባል፣ ይመዘግባል። በቀዝቃዛ አገር መዝገብ የተሰላ ቁጥር የጣና ረግረግ ላይ ስለሚሆነው ብዙ ስለማይነግር፣ የፎገራ ኮርማ መመዘን ያለበት እዚያው በአካባቢው ነው።