ከሐረሙ ደጃፍ ወይስ ከዐዚዚያ? የመካ እንግዳ የማረፊያ ምርጫ

ከአዲስ አበባ የተነሳው አውሮፕላን ጅዳ በሚገኘው የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ሲያርፍ፣ ኢሕራም ለብሰው የወረዱት ተጓዦች መንገዳቸው ገና አላለቀም። ቅድስቲቱ መካ ለመድረስ ከዚህ ገና የየብስ መንገድ ይቀራል። ብዙዎቹ የጉዞውን ገንዘብ ያጠራቀሙት በዓመታት ነው፤ አንዳንዱ ከብት ሸጦ፣ አንዳንዱ በባዕድ አገር ሠርተው ልጆቹ በላኩለት ነው። ይህን ያህል የተደከመበት ጉዞ በሰላም መፈጸሙ ግን በአብዛኛው በአንድ ውሳኔ ላይ ያርፋል፤ እርሱም የት ማደር እንደሚሻል የሚደረገው ምርጫ ነው። ማረፊያውን ያለ ዕውቀት የመረጠ ሰው ገንዘቡን ብቻ አያጣም፤ ጉልበቱን፣ ጊዜውን፣ አንዳንዴም የመጣበትን ዒባዳ ያጣል።

የመካ በር የሆነችው ጅዳ

ጅዳ የመካ ወደብ የሆነችው በሦስተኛው ኸሊፋ በዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ) ዘመን በ26ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ647 ነው። ከዚያ በፊት የመካ ሰዎች መርከብ ይሳፈሩ የነበረው ከጅዳ በስተደቡብ ከምትገኘው ሹዐይባ ነበር። ወደ ሐበሻ የተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሶሐቦችም ባሕሩን የተሻገሩት ከዚያው ዳርቻ ነው። ስለዚህ ለሐበሻ ሙስሊም ይህ የባሕር ዳርቻ ባዕድ ስፍራ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1183 በጅዳ ያለፈው የአንዳሉሱ ተጓዥ ኢብኑ ጁበይር፣ አብዛኞቹ ቤቶቿ የሸምበቆ እንደነበሩና ከድንጋይና ከጭቃ የተሠሩ የእንግዳ ማረፊያዎችም እንደነበሯት፣ እንግዶችም ሌሊት ከሙቀቱ ለማረፍ ጣሪያ ላይ ይወጡ እንደነበር ጽፏል። ዛሬ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው (እ.ኤ.አ. 2014) የአል-በለድ ሰፈር፣ ከባሕር ድንጋይ የተገነቡና ረዋሺን የሚባሉ የእንጨት መስኮቶች ያሏቸው ረጃጅም ቤቶች ይገኙበታል። ከከተማዋ አሮጌ በሮች አንዱ እስከ ዛሬ «ባብ መካ» ይባላል።

በጅዳ ማደር የሚጠቅመው ለማን ነው? ዑምራውን ጨርሶ ዘመድ ለሚጠይቅ፣ ገበያ ለሚወጣ ወይም የመልስ በረራው ማለዳ ለሆነ ሰው ጠቃሚ ነው። ዑምራ ለማድረግ ነይቶ የመጣ ሰው ግን ጅዳ አርፎ ኋላ ኢሕራም እገባለሁ ብሎ ሚቃቱን ያለ ኢሕራም እንዳያልፍ፣ ከመነሳቱ በፊት ያገሩን ዑለማ ሊጠይቅ ይገባል። ኢሕራም ላይ ሆኖ ጅዳ ማደር ክልክል ባይሆንም፣ ለደከመ ተጓዥ የኢሕራምን ክልከላዎች እየጠበቁ መቆየት ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ የጀመረው የሐረመይን ፈጣን ባቡር ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ወደ መካ ስለሚወስድ፣ «ደክሞኛልና ጅዳ ልደር» የሚለው ምክንያት እንደ ድሮው የጠነከረ አይደለም። ነገር ግን የመካው ጣቢያ የሚገኘው ሩሰይፋ ሰፈር ስለሆነ፣ ከዚያ እስከ ሐረሙ አውቶቡስ ወይም ታክሲ ያስፈልጋል።

ነዋሪውና እንግዳው እኩል የሆኑበት አገር

በመካ የቤት ኪራይ ጉዳይ ከገበያ አልፎ የፊቅህ ጉዳይም ሆኖ ኖሯል። በሱረቱል ሐጅ 25ኛው አንቀጽ፣ በተከበረው መስጂድ ነዋሪውና ከሩቅ የመጣው እኩል መሆናቸው ይወሳል። ይህንን መነሻ ያደረጉ ዑለማ፣ ከእነርሱም መካከል ኢማም አቡ ሐኒፋ፣ የመካን ቤቶች ለሑጃጅ ማከራየትን ጠልተዋል። ኢማም ሻፊዒይ ደግሞ ቤቶቹ የባለቤቶቻቸው ንብረት ናቸው በማለት ኪራይን ፈቅደዋል፤ በዚህ ጉዳይ ከኢስሐቅ ኢብኑ ራህወይህ ጋር በመካ ያደረጉት ክርክር በዑለማ ዘንድ የታወቀ ነው።

ኪራይ ልማድ ከሆነ በኋላም ለድሃው መንገድ አልጠፋለትም። ባለጸጎች ለአላህ ብለው ወቅፍ ያደረጓቸው «ሪባጥ» የሚባሉ ቤቶች በሐረሙ ዙሪያ ይገኙ ነበር፤ በእነርሱም ውስጥ ድሃ ሑጃጅና ደረሶች ያለ ክፍያ ያድሩ ነበር። ወሎ ውስጥ ዳናም ሆነ ጀማ ንጉሥ ኪታብ የቀራ ሰው ይህን ሥርዓት ለመረዳት አይቸገርም፤ ደረሳ ከሩቅ ሲመጣ በመጀመሪያ ማደሪያ፣ ቀጥሎ ኪታብ እንደሚሰጠው ያውቃልና። በካይሮው አል-አዝሀርም ከሐበሻ ለሚሄዱ ደረሶች «ሪዋቅ አል-ጀበርት» የሚባል ማረፊያ ነበራቸው። የግብጽ ታሪክ ጸሐፊ የሆነው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ የተወለደው ያንን ሪዋቅ ከመሩት ቤተሰብ ነው።

ከሐረሙ ደጃፍ

ዛሬ በሐረሙ ዙሪያ ያለው ገጽታ ተለውጧል። በደቡብ በኩል 601 ሜትር ከፍታ ያለው የሰዓት ማማ የቆመበት የአብራጅ አል-በይት ሕንጻ ይታያል፤ ይህም የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ወቅፍ ነው። በምዕራብ በኩል የጀበል ዑመር ሆቴሎች፣ በደቡብ በኩል ደግሞ የአጅያድ ኮረብታና የኢብራሂም አል-ኸሊል መንገድ ይገኛሉ።

እዚህ ማረፍ ጥቅሙ ግልጽ ነው። አምስቱንም ሶላት በጀማዓ መስገድ፣ ሲደክሙ ተመልሶ ማረፍ፣ ሌሊት ተነስቶ ጠዋፍ ማድረግ ይቻላል። ጉልበታቸው የደከመ አዛውንት እናት ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ አባት ይዞ የመጣ ቤተሰብ፣ የቀኖቹን ቁጥር ቀንሶም ቢሆን ቅርብ ማረፊያ ቢይዝ አይጸጸትም። ራቅ ካለ ሰፈር ለዐሥር ቀን ተቀምጠው በቀን አንዴ ብቻ ሐረም ከሚደርሱ፣ ቅርብ ሆነው አምስት ቀን ቢቆዩ የሚሻላቸው ብዙ ናቸው።

ሆኖም ቅርበት በሜትር ብቻ አይለካም። መካ በተራሮች መካከል ያለች ሸለቆ ናት፤ ከሐረሙ ጥቂት መቶ ሜትር የሚርቅ የአጅያድ ሆቴል ዳገቱ ሲጨመርበት፣ ሜዳ ላይ ካለ እጥፍ ርቀት ይልቅ ያደክማል። በረጃጅም ሕንጻዎች ደግሞ የሶላት ሰዓት ሲደርስ አሳንሰር ፊት የሚሰለፈው ሕዝብ ብዙ ነው። ደላሎች የሚጠሩት ርቀትም ብዙ ጊዜ እስከ መስጂዱ የውጭ አደባባይ እንጂ እስከ ጠዋፉ ስፍራ አይደለም። ስለዚህ አስተዋይ ተጓዥ «ስንት ሜትር ነው?» ከማለት ይልቅ «በእግር ስንት ደቂቃ ነው? ዳገት አለው? የሚያደርሰው ወደ የትኛው በር ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ራቅ ያሉት ሰፈሮች

ዐዚዚያ ከሐረሙ በስተምሥራቅ በሚና አቅጣጫ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ የሚገኝ ሰፊ ሰፈር ነው። ቤቶቹ ሰፋ ያሉ፣ ኪራዩ ቀለል ያለ ሲሆን ወጥ ቤት ያላቸው አፓርታማዎችም ይገኙበታል። በሐጅ ቀናት ከጀመራት ድልድይ በእግር ሊደረስበት ስለሚችል ብዙ ሑጃጅ ይመርጡታል። ጉዳቱ መንገዱ ነው፤ የሐጅ ቀናት ሲቃረቡና በረመዷን የመጨረሻዎቹ ዐሥር ሌሊቶች መንገዶች ይጨናነቃሉ፤ ወደ ሐረሙ የሚወስዱት አንዳንዶቹም ለመኪና ይዘጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 አገልግሎት የጀመረው የመካ አውቶቡስ ችግሩን ቢያቃልልም፣ ከሱብሒ በፊትና ከዒሻእ በኋላ የሚኖረውን ወረፋ ማሰብ ያስፈልጋል።

በዚህ ላይ አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። በመስጂደል ሐረም የሚሰገድ ሶላት በሌላ ስፍራ ከሚሰገድ መቶ ሺህ ሶላት እንደሚበልጥ በሐዲስ ተላልፏል። ከዑለማ ብዙዎቹ ይህ ምንዳ የሐረሙን ክልል በሙሉ ያጠቃልላል ሲሉ፣ ሌሎቹ በካዕባ ዙሪያ ላለው መስጂድ ብቻ ነው ይላሉ። ዐዚዚያ ከክልሉ ውስጥ ነው፤ ሐረሙን ለቅቆ ኢሕራም የሚገባበት ተንዒም ደግሞ ከክልሉ ውጭ ነው። የመጀመሪያውን አስተያየት የያዘ ሰው፣ ታሞ ወይም ደክሞ በሰፈሩ መስጂድ ቢሰግድ ከበረከቱ እንዳልራቀ ያስባል። ይህ ግን ካዕባን ማየትና ጠዋፍ ማድረግን አይተካም።

ለዕውቀት የመጣ እንግዳ

መካ የዒባዳ ብቻ ሳትሆን የዕውቀት ከተማም ናት። በሐረሙ ውስጥ በተለይ በመግሪብና በዒሻእ መካከል የሚሰጡ ደርሶች አሉ። ከሐበሻ ምድር ወጥተው በዚህች ከተማ ካስተማሩት መካከል፣ ሰፊ የቁርኣን ተፍሲር የጻፉት ሸይኽ ሙሐመድ አሚን አል-ሀረሪ እና የነሳኢይን ሱነን ከአርባ በሚበልጡ ጥራዞች ያብራሩት ሸይኽ ሙሐመድ ኢብኑ ዐሊይ ኢብኑ አደም አል-ኢትዮጵይ ይጠቀሳሉ። ሁለቱም በዳሩል ሐዲስ አል-ኸይሪያ አስተምረዋል።

መነሻው እ.ኤ.አ. በ1949 የተመሠረተው የሸሪዓ ኮሌጅ የሆነው ኡሙል ቁራ ዩኒቨርሲቲ በ1981 በዩኒቨርሲቲነት ተቋቁሟል። የቀድሞው ግቢ ዐዚዚያ ሲሆን፣ ትልቁ ግቢ ወደ ዐረፋ አቅጣጫ በዓቢዲያ ይገኛል። ልጁን ሊጠይቅ ወይም የትምህርት ዕድል ሊያጣራ ለመጣ ወላጅ ዐዚዚያ ለሁለቱም ወገን መሐል ነው። ዓላማው የሐረሙን ደርስ መከታተል የሆነ ግን ከመግሪብ እስከ ዒሻእ የሚቆይበትን፣ ከዚያም በእግሩ የሚመለስበትን ቅርብ ስፍራ፣ ለምሳሌ የሚስፈላን ሰፈር፣ ቢመርጥ ይቀለዋል።

የዘመድ ቤትና ሕግ

በአበሻ ባህል ዘመድ እያለ ሆቴል ማደር እንደ ነውር ይታያል። በጅዳና በመካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እንግዳቸውን ከአልጋቸው ወርደው ያስተኛሉ። ይህ መልካም ባሕርይ በሐጅ ወቅት ግን ሕግን ማወቅ ይጠይቃል። የሳዑዲ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ለ2025 የሐጅ ወቅት ባወጣው ማስታወቂያ፣ የጉብኝት ቪዛ የያዙ ሰዎች ከዙልቂዕዳ 1 እስከ ዙልሒጃ 14 በመካ እንዳይቆዩ ከልክሏል። ያለ ፈቃድ ሐጅ ለማድረግ የሞከረ እስከ 20,000 ሪያል፣ እነርሱን ያስጠለለ ደግሞ፣ ሆቴልም ሆነ የግል ቤት፣ እስከ 100,000 ሪያል ሊቀጣ እንደሚችል ተገልጿል። እናቱን ለማስደሰት ብሎ ቤቱን የከፈተ ሠራተኛ የዓመታት ልፋቱን በአንድ ሌሊት ሊያጣ ይችላል። ከእነዚህ ቀናት ውጭ በሕጋዊ ፈቃድ የመጣን ዘመድ ማስተናገድ ግን የሚመሰገን ሥራ ነው።

ሆቴል የሚይዝም ቢሆን ማረፊያው ከቱሪዝም ሚኒስቴር ፈቃድ ያለው መሆኑን፣ የሆቴሉ ስም፣ የቀኑ ብዛትና በአንድ ክፍል የሚያድሩት ሰዎች ቁጥር በውሉ በጽሑፍ መስፈሩን ማረጋገጥ አለበት። «ሐረም አጠገብ» የሚል የቃል ተስፋ መካ ሲደርሱ የሚያስከራክር ነው።

ከሁሉም በኋላ የማረፊያ ምርጫ የሚጀምረው ከኪስ ሳይሆን ከኒያ ነው። አዛውንት ይዞ የመጣ ቅርበትን፣ ቤተሰቡ የበዛ ስፋትን፣ ደርስ ፈላጊ የደርሱን ሰዓት ያስቀድም። ቅርብ ያደረም ራቅ ብሎ ያደረም የሚሰለፉት በአንድ ሶፍ ነው፤ በዚያ ሶፍ ውስጥ ማን ከየትኛው ሆቴል እንደመጣ የሚጠይቅ የለም።