ብረት ከማንሳት በፊት

አዲስ ሰው ጂም ከፍሎ በገባ ቀን ብዙ ጊዜ የሚገጥመው ይታወቃል። ትሬድሚል ላይ አሥር ደቂቃ ይሞቃል፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ማሽኑና ወደ ብረቱ ይላካል። ሥራውን የሚያከብር አሰልጣኝ ግን መጀመሪያ ጫማ ያስወልቀዋል። ፊት ለፊቱ ያቆመዋል፣ አዙሮ በጎን ያየዋል፣ ቁጢጥ ያስብለዋል፣ በአንድ እግር ያስቆመዋል፣ ያራምደዋል። ሃያ ደቂቃ ገደማ የሚወስደው ይህ ሥራ የአቋምና የእንቅስቃሴ ምዘና ይባላል። ስለ ስፖርት ብዙ በሚወራበት በዚህ ዘመን እምብዛም የማይነሳው ክፍል እሱ ነው።

ምዘናው ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሰውነት አድርግ የተባለውን በሆነ መንገድ ያደርገዋል። ቁርጭምጭሚት አልታጠፍ ካለ ተረከዝ ይነሳል ወይም ወገብ ይጎብጣል፤ ትከሻ አልከፈት ካለ ወገብ ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ ዳሌ ካልጸና ጉልበት ወደ ውስጥ ይገባል። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል ማለት ነው። በባዶ እጅ ይህ ለዓመታት ምንም ላያስከትል ይችላል። ትከሻ ላይ 60 ኪሎ ተጭኖ በሳምንት ሦስት ቀን ሲደጋገም ግን የሌላውን ሥራ ደርቦ የሚሠራው ክፍል ከአቅሙ በላይ ሊጫንበት ይችላል።

ሥራው የሚጀምረው ዝም ብሎ ከማቆም ነው። ግንበኛ ግድግዳው አለመዝመሙን በቱንቢ እንደሚያየው ሁሉ፣ አሜሪካውያኑ ባልና ሚስት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ሄንሪና ፍሎረንስ ኬንዳልም ሰውን በጎን አቁመው በቱንቢ ይመለከቱ ነበር። ስለ ጡንቻ ምርመራ የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1949 ታትሞ፣ እየታደሰ ለብዙ ትውልድ መማሪያ ሆኗል። በእነሱ አመለካከት ገመዱ በጆሮ በኩል ወርዶ የትከሻን መሀል ይነካል፤ በዳሌ መገጣጠሚያ አጠገብ ያልፍና ከጉልበት መሀል ትንሽ ወደ ፊት ብሎ፣ ከውጭኛው የቁርጭምጭሚት አጥንት ፊት ያርፋል። አሰልጣኙ ይህን መስመር በዓይኑ ይዞ ጭንቅላት ምን ያህል ወደ ፊት እንደወጣ፣ የወገብ ቅስት እንደጠለቀ ወይም እንደጠፋ ያያል። ፊት ለፊት ደግሞ የእግር ጣቶች ወዴት እንደዞሩ፣ የውስጥ እግር ቅስት እንደተኛ ወይም እንደቆመ ይመለከታል።

ማየቱ ጥሩ ነው፤ ከዚህ ተነስቶ መፍረድ ግን አይገባም። ቆሞ የሚታይ አቋም ብቻውን ነገ ማን እንደሚታመም አይናገርም፤ ጥናቶችም በአቋምና በሕመም መካከል የጸና ግንኙነት አላገኙም። አንገቱ ወደ ፊት ወጥቶ ምንም የማይሰማው ሰው አለ፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ ወገቡን የሚያመውም አለ። «ጀርባሽ ጠማማ ነው፣ ካልተስተካከለ ትሰቃያለሽ» የሚል አሰልጣኝ በሰልጣኟ ላይ ፍርሃት ይተክላል። የፈራ ሰው ጎንበስ ማለትና ዕቃ ማንሳት ይሸሻል፤ ሰውነቱም ይበልጥ እየደከመ ይሄዳል። ይህን አነጋገር ከጂሞቻችን ብናስወጣው ደስ ይለኛል።

ብዙ የሚናገረው ሰውነት ሲንቀሳቀስ ነው። ከምዘናዎቹ ሁሉ በጥቂት ጊዜ ብዙ የሚያሳየው እጅን ወደ ላይ ዘርግቶ ቁጢጥ ማለት ይመስለኛል። ሰልጣኙ እግሮቹን በትከሻው ስፋት ከፍቶ ይቆማል፤ ጣቶቹን ወደ ፊት ያዞራል፤ እጆቹን ከጆሮው ትይዩ ወደ ላይ ይዘረጋል፤ ከዚያ በርጩማ ላይ እንደሚቀመጥ ቀስ ብሎ ይወርዳል። አሰልጣኙ ጥቂት ጊዜ ከፊት፣ ጥቂት ጊዜ ከጎን ያየዋል። በዚህ ጊዜ «ደረትህን ቀና አድርግ፣ ጉልበትህን ክፈት» እያለ ማረም የለበትም፤ የሚፈለገው ሰውየው ማንም ሳያርመው የሚያደርገው ነው።

እንበል ሰልጣኟ ቀኑን ሙሉ ባንክ መስኮት ላይ ተቀምጣ የምትውል ወጣት ናት። ስትወርድ ተረከዞቿ ይነሳሉ፣ ጉልበቶቿ ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ ደረቷ ይደፋል፣ እጆቿም ወደ ፊት ይወድቃሉ። አራት ስህተት በአንድ ጊዜ ታየ። ልምድ የሌለው አሰልጣኝ ለአራቱም አራት ዓይነት ስፖርት ያዝላታል። ልምድ ያለው ግን ከመደርደሪያው ሁለት ባለ 2.5 ኪሎ ብረት ያመጣና ከተረከዞቿ ሥር ያስገባል።

«እስቲ አሁን ደግመሽ ውረጂ።»

«ውይ ኮች፣ አሁንማ ቀለለኝ!»

ዝቅ ብላ ወረደች። ጉልበቶቿ ከእግር ጣቶቿ አቅጣጫ ጋር ሄዱ፣ ደረቷም ቀና አለ። እጆቿ ብቻ አሁንም ወደ ፊት ይወድቃሉ። ተረከዝ ከፍ ሲል ቁርጭምጭሚት ብዙ መታጠፍ አይጠበቅበትም፤ ስለዚህ ሦስቱ ስህተቶች በዋናነት ከቁርጭምጭሚት፣ አራተኛው ከትከሻ ወይም ከላይኛው ጀርባ ይመጣሉ ብሎ መገመት ይቻላል። የምዘና ሙያ ማለት ለእኔ ይህ ነው፦ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ፣ ምን አብሮ እንደተለወጠ ማየት።

ግምቱ ይጣራል። ባዶ እግሯን ከግድግዳ ፊት አስቀምጣ ተረከዟን ሳታነሳ ጉልበቷን ግድግዳው ላይ ታስነካለች፤ እየነካች እግሯን በትንሽ በትንሹ ወደ ኋላ ታርቃለች። ጉልበቷ መንካት የሚችልበት የመጨረሻው ቦታ ላይ ሲደረስ ከአውራ ጣቷ እስከ ግድግዳው ያለው ርቀት በሜትር ይለካል። ብዙ ባለሙያዎች 10 ሴንቲ ሜትር ገደማን እንደ ደህና መጠን ይወስዱታል፤ የቀኝና የግራው ልዩነትም ይታያል። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መዘንጋት የለበትም፦ «የሚይዝሽ የት ጋ ነው?» ባቷ ላይ የሚወጥራት ከሆነ ጡንቻው ነው፤ ማሳሳብ ይረዳዋል። ከቁርጭምጭሚቷ ፊት ለፊት የሚቆነጥጣት ከሆነ ግን ነገሩ ከመገጣጠሚያው ሊሆን ስለሚችል ባት ማሳሳቡ ብዙም አይፈይድላትም። ባት ስናሳሳብ ደግሞ ሁላችንም ጉልበታችንን ቀጥ አድርገን ግድግዳ እንገፋለን። ቁጢጥ ሲባል ግን ጉልበት ታጥፎ ነው፤ በዚያን ጊዜ የሚወጠረው ከላይኛው የባት ጡንቻ ሥር ያለው ሁለተኛው ጡንቻ ነው። እሱን ለማሳሳብ ጉልበትን አጠፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

እጆቿስ? በጀርባዋ ተኝታ፣ ጉልበቶቿን አጥፋ፣ እጆቿን ከራስጌዋ በኩል ወደ ወለሉ ታወርዳለች። ወለሉን የምትነካው ወገቧን ቅስት አድርጋ ብቻ ከሆነ ከብብት ወደ ጀርባ የሚወርደው ሰፊ ጡንቻ ወይም የደረት ጡንቻ ይዟታል። ሳትቸገር ከነካች ግን የሚጎድላት ቆማ ሰውነቷን የመቆጣጠር ችሎታ ነው።

የጉልበት ወደ ውስጥ መግባት ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። በተለይ ከዝላይ ሲያርፉ ጉልበት ወደ ውስጥ መታጠፉ ከጉልበት የፊት መስቀለኛ ጅማት መበጠስ ጋር ይያያዛል፤ በሴት ስፖርተኞች ላይ ይህ ጉዳት ከወንዶች በላይ ያጋጥማል። ፊፋ ለአማተር ተጫዋቾች ያወጣው «11+» የተባለው የማሟሟቂያ ፕሮግራም ጉልበት ከእግር ጣት አቅጣጫ ሳይወጣ መዝለልንና ማረፍን ያስተምራል፤ ሃያ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ኖርዌይ ውስጥ ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ ሴት ልጆች ቡድኖች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲታተም፣ ፕሮግራሙን በሠሩት ዘንድ ጉዳት በሲሶ ገደማ ቀንሶ ታይቷል። ለሰፈር ቡድኖቻችንም ሜዳና ኳስ ካለ ሌላ ወጪ የማይጠይቅ ነገር ነው።

ስለ አቋም ሲወራ የፕራጉ ሐኪም ቭላድሚር ያንዳ ስም አይቀርም። ያንዳ በ15 ዓመቱ ፖሊዮ ይዞት ነበር፤ ዕድሜውን ያሳለፈው ጡንቻና ነርቭ እንዴት አብረው እንደሚሠሩ በማጥናት ነው። ከደረትና ከማጅራት አካባቢ አንዳንድ ጡንቻዎች ሲጠብቁ፣ የአንገት የውስጥ ጡንቻዎችና የትከሻ አጥንትን ወደ ታች የሚይዙት ሲደክሙ፣ በጎን ሲታይ የጠበቁትና የደከሙት የመስቀል ቅርጽ እንደሚሠሩ ገለጸ። የዳሌው አካባቢም የራሱ መስቀል አለው። ስልክ ላይ አቀርቅሮ የሚውል ሰው ይህን ሥዕል ሲያይ ራሱን ያየ ይመስለዋል። ሥዕሉ የት መፈለግ እንዳለበት ለአሰልጣኙ ይጠቁማል፤ ሁሉም ሰው ግን በዚህ ቅርጽ አይገኝም።

በአሜሪካ ደግሞ ግሬይ ኩክና ሊ በርተን ምዘናውን ወደ ነጥብ ለወጡት። ሰባት እንቅስቃሴ፣ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3፣ በድምሩ 21 ነጥብ። ሕመም ካለ ነጥቡ ዜሮ ነው፤ ይህ ሕግ በጣም ጥሩ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ እግር ኳስ ባለሙያ ተጫዋቾች ላይ የወጣ ጥናት 14ና ከዚያ በታች ያመጡት ለከባድ ጉዳት ይበልጥ እንደሚጋለጡ ሲያሳይ ነጥቡ ዓለምን አዳረሰ። ኋላ ብዙ ጥናቶች በአንድ ላይ ሲመዘኑ ግን ድምሩ ማን እንደሚጎዳ ለመተንበይ የሚበቃ አቅም እንደሌለው ታየ። ስለዚህ ዛሬ የሚጠቅመው ድምሩ ሳይሆን የቀኝና የግራው ልዩነትና ሕመም የተሰማበት ቦታ ነው።

ማረሙ ላይ ስንመጣ፣ አብዛኛው ሰው የሚያስበው ማሳሳብን ብቻ ነው። ለባንክ ሠራተኛዋ ባቷን በፎም ሮለር ማሸትና ጉልበቷን አጥፋ ለ30 ሰከንድ ማሳሳብ መነሻ ይሆናታል። ያገኘችውን ስፋት ወዲያው ካልተጠቀመችበት ግን አይቆይላትም፤ ስለዚህ በዚያው ሰዓት ተረከዟ ሥር ቀጭን ብረት አድርጋ፣ ዳምቤል ደረቷ ላይ ይዛ ቁጢጥ ትላለች። ሳምንታት ሲያልፉ ብረቱ እየሳሳ ይሄዳል፣ መጨረሻም ይነሳል። ከሥልጠና አትቆምም፤ እርማቱ ራሱ ሥልጠና ነው።

አነጋገርም መድኃኒት ነው። ጋብሪየሌ ቩልፍ የተባለች ተመራማሪ ለረጅም ዓመታት እንዳሳየችው፣ ሰው ትኩረቱን በራሱ ጡንቻ ላይ ከሚያደርግ ይልቅ እንቅስቃሴው በውጭ በሚያመጣው ነገር ላይ ሲያደርግ የተሻለ ይማራል። «የመቀመጫ ጡንቻሽን ጨምቂ» ከማለት «ወለሉን በእግርሽ ለሁለት ክፈይው» ማለት ጉልበቷን ቶሎ ያቃናላታል። እኛ ደግሞ የራሳችን ሀብት አለን። የትከሻ አጥንቱን ወደ ኋላና ወደ ታች ማንቀሳቀስ ላቃተው ሰልጣኝ አሥር ጊዜ ከማስረዳት እስክስታ ማስመታት ይቀላል፤ ትከሻውን ለየብቻው ማዘዝ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል፣ የሚቀረው ያንኑ ፑሽ አፕ ላይ ማምጣት ብቻ ነው።

ሁሉንም ሰው አንድ ዓይነት ቁጢጥ ማስባል ግን ስህተት ነው። የጭን አጥንቱ ረዘም ያለ ሰው ሲወርድ ደረቱ ይበልጥ ወደ ፊት ማዘንበሉ የግድ ነው፤ አለዚያ ወደ ኋላ ይወድቃል። የዳሌ ጎድጓዳ አቀማመጥም ከሰው ሰው ስለሚለያይ አንዱ እግሩን ሰፋ አድርጎ ጣቶቹን ወደ ውጭ ሲያዞር ብቻ ይመቸዋል። ይህ በማሳሳብ የሚለወጥ አይደለም፤ አጥንት ነው።

አሰልጣኝ የማይሻገረው ድንበርም አለ። እግር ወይም እጅ ላይ መደንዘዝ፣ ከወገብ ተነስቶ ወደ እግር የሚወርድ ሕመም፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ከመውደቅ በኋላ የመጣ እብጠት ካለ ሥራው የሐኪምና የፊዚዮቴራፒስት ነው። ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንሮጠው ወደ ወጌሻ ነው፤ እነዚህ ምልክቶች እያሉ ግን መታሸት ከመጥቀም ይልቅ ሊጎዳ ይችላል።

ጂም ለመመዝገብ የምታስቡ ሁሉ፣ ስለ ማሽኑ ብዛት ከመጠየቃችሁ በፊት አሰልጣኙን «መጀመሪያ እንቅስቃሴዬን ታያለህ ወይ?» በሉት። አሰልጣኝ የሌላችሁ ደግሞ ስልካችሁን በዳሌያችሁ ከፍታ ላይ አስቀምጡ፤ አንድ ጊዜ ከፊት፣ አንድ ጊዜ ከጎን ቁጢጥ ስትሉ ቅረጹ፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ በዚያው ቦታ ደግማችሁ ቀርጻችሁ ሁለቱን አስተያዩ።