የአየርላንድ ቋንቋ «ኢትዮጵያዊ»ን እንዴት ይላል?

በአማርኛ ዜግነት ስንናገር ለውጡ ሁሉ ከኋላ ነው። ኢትዮጵያዊ፣ ኢትዮጵያዊት፣ ኢትዮጵያውያን፤ መጨረሻው ይለዋወጣል እንጂ መነሻው አይነካም። በአየርላንድ ቋንቋ ግን ቃሉ ከፊትም ይለወጣል። ይህን ለማየት ደግሞ ከላቲኑ ይልቅ የእኛው ፊደል ይመቻል።

አመሠራረቱ ቀላል ነው፤ በአገሩ ስም ላይ «አኽ» የሚል ድምፅ ይቀጠላል። ኢትዮጵያ «ኤቶፕ» ናት፤ ኢትዮጵያዊ «ኤቶፐኽ» ነው። አየርላንዳዊ ኤረነኽ፣ እንግሊዛዊ ሳሰነኽ ይባላል።

አሁን «ኢትዮጵያዊው» እንበል፦ «አን ቴቶፐኽ»። ኢትዮጵያውያኑ «ነ ሄቶፒ» ናቸው፤ በደቡብ አየርላንዱ የሙንስተር ክፍለ ሀገር መጨረሻው «ፒግ» ይሆናል። «የኢትዮጵያውያኑ» ሲባል ደግሞ «ነ ኔቶፐኽ»። ኤ፣ ቴ፣ ሄ፣ ኔ፤ አራቱም ኀምስ ናቸው። አናባቢው ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ከፊቱ የገባችው ትንሽ ቃል ተነባቢ ደረበችበት እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1916 ደብሊን ውስጥ የተነበበው የነጻነት አዋጅ ራስጌም «ፖብለኽት ነ ሄረን»፣ የአየርላንድ ሪፐብሊክ፣ ይላል። አገሪቱ ኤረ ሆና ሳለ «ሄ» የመጣችው በዚሁ ሕግ ነው።

ቃሉ በተነባቢ ሲጀምር ነገሩ ይገለበጣል፤ በመደረብ ፈንታ ድምፅ ሊጠፋ ይችላል። ፈረንሳዊ ወንድ «ፋር ፍራንከኽ» ነው፤ ፈረንሳዊት ሴት ግን «ባን ራንከኽ»። «ባን»፣ ማለትም ሴት፣ አንስታይ ስም ስለሆነች ተከታዩን ቅጽል ታለሰልሳለች፤ «ፍ»ም ድምፅ አልባ ትሆናለች። በጽሑፍ ፊደሏ አትሰረዝም፤ አጠገቧ ሌላ ፊደል ተጨምሮ መዋጧን ያመለክታል። ይህ አጻጻፍ ለጀማሪ ቢከብድም እወደዋለሁ፤ አንባቢው የቃሉን መነሻ መልክ እንዳያጣ ይጠብቅለታል።

ቅጽልና ስም በብዙ ቁጥር ይለያያሉ። ሰዎቹ ብቻቸውን ሲጠሩ «ኤቶፒ» ናቸው፤ «ኢትዮጵያውያን ወንዶች» ሲባል ግን «ፊር ኤቶፐኻ»። በነጠላ «ኢስ ኤቶፐኽ ሜ»፣ ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ ሲባል ወንዱም ሴቷም እኩል ይጠቀሙበታል፤ ስሙ ለሴትም ተባዕት ሆኖ ይቀራል።

ቋንቋ ሲሆን መጨረሻው ብዙውን ጊዜ «ኢሽ» ነው፤ እንደ እኛ «ኛ» መሆኑ ነው። ፈረንሳይኛ ፍራንኪሽ ይባላል። እንግሊዝኛ ግን ከሰልፉ ወጥቶ «ቤርላ» ይባላል፤ ቃሉ በጥንቱ የአየርላንድ ቋንቋ ማንኛውም ንግግር ማለት ነበር፤ ሥሩም «አፍ» ነው።