ወፍ ለማየት ወደ ጣና፦ ጉዞን በውሃው ልክ ማቀድ

ወደ ሐሩር አገር ወፍ ለማየት የሚጓዝ ሰው ዕቅዱን የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከስም ዝርዝር ነው። ኢትዮጵያ ከ860 በላይ የወፍ ዝርያዎች የተመዘገቡባት አገር ስትሆን ከእነዚህ ውስጥ የተወሰኑት በሌላ አገር ፈጽሞ ስለማይገኙ፣ እንግዳው ገና ከአገሩ ሳይነሳ ሬድማን፣ ስቲቨንሰንና ፋንሾ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡትን የአፍሪካ ቀንድ ወፎች መለያ መጽሐፍ አገላብጦ፣ ሊያያቸው የሚሻቸውን ስሞች በተራ ቁጥር ደርድሮ ለአስጎብኚው ይልካል። ይህ አሠራር ለባሌ ተራሮች ወይም ለያቤሎ ቁጥቋጦ ሊያገለግል ይችላል፤ በእነዚህ ቦታዎች የሚፈለገው ወፍ ዓመቱን ሙሉ ከአካባቢው አይርቅምና። በጣና ዳርቻ ግን ወፎች የትና መቼ እንደሚሰበሰቡ የሚወስነው የሐይቁ ውሃ ስለሆነ፣ የባሕር ዳር አስጎብኚ ዝርዝሩን ከማየቱ በፊት እንግዳው የሚመጣበትን ወር መጠየቅ ይኖርበታል።

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙም የማያልፍ ሐይቅ ነው። እንዲህ ባለ ለጥ ያለ ገበታ ላይ ውሃው ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ዳርቻው በጣም ይሰፋል ወይም ይጠባል። በክረምት ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ሞልተው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ባለው የፎገራ ሜዳ ላይ ይተኛሉ፤ አምባዛና ሌሎች ዓሦችም ለመራባት ወደዚሁ ጥልቀት የሌለው ውሃ ይወጣሉ። ከመስከረም በኋላ ውሃው ወደ ኋላ ሲመለስ ገበሬው ባሕር ሸሽ በሚለው እርጥብ መሬት ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል፣ ከውሃው ጋር መመለስ ያልቻለው ዓሣ በየኩሬው ይቀራል፣ ጭቃው ውስጥ ያለው ትልና ቀንድ አውጣም ለረጅም ምንቃር ይጋለጣል። የአውሮፓና የእስያ ብርድ ያባረራቸው ፍልሰተኛ አዕዋፍ፣ ማለትም በአንድ አገር ተራብተው ብርዱን በሌላ አገር የሚያሳልፉ ወፎች፣ የሚደርሱት ይህ ማዕድ በተዘረጋበት ሰዓት ነው።

ከእነዚህ እንግዶች መካከል የጉዞ ዕቅድን ከሥሩ ለመቀየር የሚበቃው የአውሮፓ ክሬን ነው። በሰሜን አውሮፓና በሩሲያ ረግረጎች የሚራባው ይህ ቁመቱ ከአንድ ሜትር በላይ የሆነ ግራጫ ወፍ በጥቅምት ገደማ ይመጣና እስከ መጋቢት በጣና ዙሪያ ይቆያል። ሸሸርና ወላላ በሚባሉት የፎገራ ረግረጎች ውስጥ መንጋው የሚያድረው ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ቆሞ ነው፤ ጅብም ሆነ ቀበሮ ሲጠጋ ውሃው ተንቦጫርቆ ያጋልጠዋልና። ጎህ ሲቀድ በየቡድኑ እየተነሳ፣ ከመታየቱ በፊት እንደ መለከት ያለ ድምፁ እየተሰማ፣ ሰብል ወደተነሳባቸው ማሳዎች ይበተናል። ማሳ ላይ ሲለቅም በርቀት መነጽር ያየው ሰው መንጋው በቤተሰብ የተከፋፈለ መሆኑን ያስተውላል፦ አናታቸው ላይ ቀይ ምልክት፣ አንገታቸው ላይ ጥቁርና ነጭ ያላቸው ሁለት ወላጆች፣ ከአጠገባቸው ደግሞ ራሱ ገና ቡናማ የሆነ፣ የመጀመሪያ ጉዞውን ከእነርሱ ጋር ያደረገ አንድ ወይም ሁለት ልጅ። ነዋሪው ባለ ወርቃማ ዘውድ ጥቁር ክሬንም በዚሁ ሜዳ ላይ ስለሚታይ፣ ከሩቅ የመጣውንና የአገሬውን ወፍ በአንድ እይታ ማወዳደር ይቻላል። ለዚህ ሜዳ ግማሽ ቀን መመደብ፣ ብዙ የጉዞ መርሐ ግብሮች እንደሚያደርጉት፣ ሜዳውን ከመኪና መስኮት አይቶ እንደማለፍ ነው፤ ሁለት ሙሉ ቀን ቢሰጠው አይበዛበትም።

የብርሃንን ነገር ዕቅድ አውጪዎች ብዙም አያስቡበትም። ፎገራ በሐይቁ ምሥራቅ ስለሆነ ጠዋት ወደ ወረታ ከተማ ከሚወስደው መንገድ ወደ ምዕራብ የሚራመድ ተመልካች ፀሐይን ከጀርባው ያደርጋል፤ ከሰዓት በኋላ ያው ሰው በዚያው ቦታ የሚያየው ጥቁር ጥላ ብቻ ይሆናል። ከባሕር ዳር እስከ ወረታ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ ጎህን ሜዳው ላይ ለማየት ሌሊት መነሳት ያስፈልግ ነበር፤ ይሁንና ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ግጭት የየብስ ጉዞን አስተማማኝነት ስላሳጣው፣ በጨለማ መንዳት ከዕቅዱ መውጣት አለበት። መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን ረፋዱን ማሳ ላይ የሚለቅሙትን ማየት በቂ ነው፤ መንገዱ ካልተከፈተ ደግሞ ባሕር ዳር ራሷ ባዶ እጅ አትሰድም።

በከተማዋ ዳርቻ ዓሣ በሚበለትበት ቦታ ፔሊካኖች ቢላውን እያዩ ተራ ይጠብቃሉ፤ የተጣለውን አንጀት ለመቅለብ ሲሻሙ ከምንቃራቸው ሥር ያለው ቢጫ ከረጢት እንዴት እንደሚለጠጥ ያለ መነጽር ይታያል። ወደ ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ማዕበሉን ስለሚያነሳ ጉዞው ጠዋት መሆን አለበት። በዘጌ ቡና ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ስለሚበቅልና ገዳማቱም ደኑን ስላቆዩት፣ ሾላና ዋርካ የሚወዱ ወፎች አሁንም መጠለያ አላቸው። ነጭ ጉንጭ ያለው ቱራኮ ቅርንጫፍ ላይ ሲሮጥ አረንጓዴ ብቻ ይመስላል፤ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲያልፍ ክንፉ ተከፍቶ ደማቅ ቀይ ይወጣል፣ ይህም ቀይ በውስጡ መዳብ ካለው፣ ቱራሲን ከሚባል ልዩ ማቅለሚያ የመጣ ነው። ስለዚህ በዘጌ ቀስ ብሎ መቀመጥ ብዙ ከመራመድ ይሻላል። የወፍን ድምፅ በስልክ አጫውቶ ወደ ራስ መጥራት ግን፣ በተለይ በመራቢያ ጊዜ፣ ጎጆውን የሚጠብቀውን ወፍ በከንቱ ስለሚያደክም አስጎብኚው ሊከለክለው ይገባል።

ወፉን የሚያመጣው ውሃ ወባንም ያመጣል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ወባ የሚበረታበት ነው፤ በዳርቻው ውሃ ውስጥ በባዶ እግር መግባትም ለቢልሃርዚያ ያጋልጣል። እንግዳው አልጋ ከመያዙ በፊት ሐኪም ሊያማክር፣ ረጅም ቦት ጫማና አጎበርም ሊይዝ ይገባል።

ባለፈው ዓመት የሠራ መርሐ ግብር ዘንድሮም ይሠራል ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ የታየው እንቦጭ የተባለ አረም በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ጥልቀት የሌለውን ውሃ ሸፍኖ ረጅም እግር ያላቸው ወፎች የሚቆሙበትን ቦታ ይወስዳል፤ ሸሸርና ወላላም ውሃቸው ለመስኖ እየተሳበና ዳርቻቸው እየታረሰ ከዓመት ዓመት ይጠባሉ። በመሆኑም አስጎብኚው እንግዳው ከመድረሱ ከሳምንት በፊት ለፎገራ ዓሣ አጥማጆችና እረኞች ደውሎ ውሃው የት እንደቆመ መጠየቅ፣ ሽምብራው የተዘራበትን ማሳ ለማቋረጥም ከባለቤቱ ፈቃድ አግኝቶ የሚከፈለውን ገንዘብ ከመጀመሪያው በጉዞው ዋጋ ውስጥ ማስገባት አለበት።